ሣሩ የማን ነው? ስለ ከብትና ስለ ዱር እንስሳ ድርሻ

ከወልድያ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የሄደ መንገደኛ ከቆቦ ሜዳ ይደርሳል። ሜዳው በምዕራብ ከደጋው በሚወርደው ገደል፥ በምሥራቅ በዞብል ተራራ የታጠረ ነው፤ ከዞብል ወዲያ ያለው ቈላ የአፋር አገር ነው። ጎሊናንና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞች በክረምት ከምዕራቡ ተራራ አፈር ተሸክመው እየወረዱ በሜዳው ላይ ስለሚያሳርፉት፥ የቆቦ ምድር ወፍራምና ለም ሆኖ ይኖራል። የራያ ገበሬም ቦይ እያበጀ ጎርፉን ወደ ማሳው መምራትን ከአባቶቹ ተምሮታል። በዚህ ሜዳና በዙሪያው ባሉት ኮረብታዎች ቀንደ ረጅሙ የራያ ከብት ሲሰማራ ኖሮአል፤ ከከብቱም ጋራ ሚዳቋውና ጥንቸሉ፥ ጅግራውና ቆቁ፥ ጅቡና ቀበሮው ባንድ ምድር ላይ ኖረዋል። የእነዚህ ሁሉ ኑሮ፥ ያንዱ በቀጥታ፥ የሌላውም በሌላው በኩል፥ ከሣሩና ከቍጥቋጦው የሚመጣ ነው። እንግዲህ ሣሩ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ሥራ የፈታ ሰው ለጨዋታ የሚያነሣው አይደለም። የበልጉ ዝናም በቀረበት ዓመት፥ በግንቦት ወር፥ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ከመንደሩ በላይ ባለው ክልክል ኮረብታ ሥር ቆሞ ሲመለከት የሚያስበውን ነገር መገመት አያስቸግርም። በሬዎቹ ከስተዋል፤ የማሽላው አገዳ አልቆአል፤ የእርሻው ጊዜ ግን እየቀረበ ነው። በክልክሉ ውስጥ ሣሩ እስከ ጕልበት ደርሶ ቆሞአል፤ በሣሩና በቍጥቋጦው መካከልም ሚዳቋ ስትመላለስ ትታያለች። ይህ ሰው «ቀንበር ላልተሸከመች፥ ወተት ላልሰጠች፥ ጌታ ለሌላት አውሬ የተከፈተው በር ለበሬዬ ስለ ምን ተዘጋ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው የስስት ጥያቄ ሳይሆን የፍርድ ጥያቄ ነው። በሬው ከሞተ ማሳው ጦም ያድራል፤ ማሳው ጦም ካደረ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ መልስ የሚሰጠው ሰው ሁሉ፥ መልሱን በዚያ ገበሬ ፊት ቆሞ ለመናገር የማያፍርበት መሆን አለበት።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ሲሰጡ ይሰማል። የመጀመሪያው፥ ሰው በፍጥረት ሁሉ ላይ ገዥ ተደርጎ ተሹሞአልና ሣሩ የሰው ነው፤ ከሰውም በኋላ ሰው ላረባው ከብት ነው፤ አውሬ የሚበላው ግን ሰው ሳያይ የተሰረቀ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የዱር እንስሳ ከሰው አስቀድሞ በምድሩ ላይ የነበረ ነውና፥ እርሱ ከሚኖርበት ቦታ ሰውም ከብቱም ፈጽመው ሊወጡ ይገባል የሚል ነው። ሁለቱ መልሶች እርስ በርሳቸው ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሣሩ አንድ ጌታ ብቻ ሊኖረው ይገባል ማለታቸው ነው።

የመጀመሪያው መልስ ወዴት እንደሚያደርስ የተራቈተ ኮረብታ ሁሉ ይመሰክራል። ሁለተኛውም ወዴት እንደሚያደርስ በአገራችን ታይቶአል። በደቡብ በሰንቀሌ ሜዳ ለቆርኬ መጠለያ ተከልሎ ነበር፤ በ1983 ዓ. ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን ጠባቂው ኀይል ባጣበት በዚያ ወራት ብዙ ቆርኬ ተገደለ። በወሎም ከረኃቡ በኋላ ለሥራው የእርዳታ እህል እየተከፈለ የተከለሉና ዛፍ የተተከለባቸው ብዙ ኮረብታዎች በዚያው ወራት ተቈርጠው ባዶ ቀሩ። አገሬው ያልመከረበት አጥር ጠባቂው ዞር ባለ ቀን ይፈርሳል፤ አጥሩ ሲፈርስም አስቀድሞ የሚጠፋው ሊጠበቅ የታሰበው ነው።

የቆቦ ሜዳ ነገር ከዚህም የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ሰው እየበዛ በሄደ ቍጥር እርሻ የግጦሹን ምድር እየበላ መጥቶአል፤ ዛሬ የብዙው ገበሬ ከብት የሚኖረው ከሣር ይልቅ በማሽላ አገዳ፥ በጤፍ ጭድና በሽልሻሎ ጊዜ ከማሳው ተነቅሎ በሚወጣው የማሽላ ቡቃያ ነው። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ከከርሠ ምድር ውኃ እየተሳበ ሽንኵርትና ቲማቲም የሚለማበት መስክ በዝቶአል፤ ይህም ለአገሩ በረከት ነው፤ ዳሩ ግን በመስኖ የለማ መስክ ተመልሶ ግጦሽ አይሆንም። በጥንት ጊዜ የራያ ከብት በወራቱ ከዞብል ወዲያ ወደ ቈላው ይወርድ ነበር፤ ድርቅ በጸና ጊዜም የአፋር ከብት ወደ ተራራው ግርጌ ይወጣ ነበር። በዚህ መገናኛ ላይ ወዳጅነትም ነበረ፥ ጋዝ የሚባለውም ዘመቻ ነበረ፥ ደምም ፈስሶበታል። እንግዲህ የሣሩ ጥያቄ በሰውና በአውሬ መካከል ብቻ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከልም ያለ ጥያቄ ነው። ለጎረቤቱ በር የሚዘጋ ሰው ለሚዳቋ ይከፍታል ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ ለሚዳቋ መክፈትን የተማረም ሰው ለጎረቤቱ መዝጋት ይከብደዋል።

ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ምስክር መስማት ይገባዋል። በከብትና በዱር እንስሳ መካከል ያለውን ክርክር የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙትን መስማትም እንዲሁ ያስፈልጋል። በኬንያ አገር ላይኪፒያ በሚባለው የሣር ሜዳ፥ በፈረንጆች ዘመን አቈጣጠር በ1995 የተጀመረ አንድ ታላቅ ፈተና አለ። ሜዳው በአጥር እየተከፋፈለ፥ ባንዱ ክፍል ከብት ብቻ፥ በሌላው አራዊት ብቻ፥ በሌላውም ሁለቱ ባንድነት እንዲሰማሩ ተደረገ። በዚህ ሥፍራ ጊደሮችን እየመዘኑ የተደረገው ምርምር በ2011 ሲታተም ውጤቱ ብዙ ሰዎችን አስደነቀ። በደረቁ ወራት ከአራዊት ጋራ የተሰማሩት ጊደሮች ብቻቸውን ከተሰማሩት ያነሰ ክብደት ጨመሩ፤ ስለዚህ አውሬው የከብቱን ድርሻ ይሻማል የሚለው ገበሬ አልዋሸም። በዝናሙ ወራት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከአራዊት ጋራ የተሰማሩት ጊደሮች ብቻቸውን ከተሰማሩት አብልጠው ወፈሩ። ምክንያቱም የሜዳ አህያና የመሰሉት አራዊት ያረጀውንና አገዳ የሆነውን ሣር ስለሚበሉት፥ ለጋውና ጣፋጩ ለከብቱ ስለሚገለጥለት ነው።

ላይኪፒያ ቆቦ አይደለችም፤ በቆቦም ሜዳ የሜዳ አህያ አይሰማራም። ዳሩ ግን ከዚህ ፈተና የሚገኘው ትምህርት ለሁሉ የሚሆን ነው። ከብትና አውሬ ሁልጊዜ ጠላቶች፥ ወይም ሁልጊዜ ወዳጆች አይደሉም፤ ባንዱ ወር የተሻሙት በሌላው ወር ይረዳዳሉ። ስለዚህ «ሣሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «መቼ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ሳይጨመርበት ሊመለስ አይችልም። ወራቱን ያልለየ ፍርድ እውነት የሆነውን ነገር ይዞ ሐሰት ይፈርዳል።

ሰው ሌባ ብሎ የሚጠራው አውሬም ሲመረመር ብዙ ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከቆቦ በስተ ምዕራብ በላስታ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፥ እንደዚሁም በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከሞላ ጐደል ምግቡ አይጥ ነው። በጓሳ ሜዳ ይህን አውሬ የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2015 በፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ ቀበሮው ሣር በሚበሉት ጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ጊዜ 67 ጊዜ አይጥ ይይዛል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚይዘው 25 ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም በመካከላቸው ሲመላለስ ልጆቻቸውን ይነጥቀናል ብለው አይሸሹትም፤ እርሱም አይነካቸውም። በባሌ ተራራ ደግሞ ቀበሮው በከብት መንጋ መካከል ተሸሽጎ አይጥ ሲያድን ታይቶአል። እንግዲህ እረኛው በድንጋይ የሚያባርረው አውሬ፥ ከከብቱ ጋራ ሣሩን የሚሻማውን አይጥ እየለቀመ ይኖራል ማለት ነው።

ስለ ጅብም በትግራይ የተደረገ፥ በፈረንጆች በ2012 የታተመ ምርምር ካህናትን ሁሉ የሚያሳስብ ነው። ተመራማሪዎቹ የጅቡን ኵስ እየለቀሙ በውስጡ የተገኘውን ጠጕር መረመሩ። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋና የሚጣል አጥንት ሲጠፋ፥ ጅቡ የበላው የአህያ ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከፋሲካ በኋላም ተመልሶ ቀነሰ። ሰው ከራሱ ሆድ ጋራ ብቻ የተዋዋለ መስሎት ሲጾም፥ ጾሙ እስከ ጅቡ ጕድጓድና እስከ አህያው በረት ይደርሳል። ይህ ጾምን የሚነቅፍ ነገር አይደለም፤ ሰው መብላቱም መተዉም በራሱ ላይ ብቻ እንደማይቀር የሚያስረዳ ነው እንጂ። ገዥ ነኝ የሚል ሁሉ የግዛቱን ወሰን ካላወቀ፥ ሳያውቅ የሚበድለው ይበዛል።

ሳያውቁ ሕግ ማውጣትም ይጐዳል። በደርግ ዘመን በቦረና አሮጌውን ሣር በእሳት ማቃጠል ተከለከለ፤ አሳቡ ምድሩን ለመጠበቅ ነበር። የቦረና ሽማግሌዎች ግን እሳቱን በወራቱ የሚለኵሱት ቍጥቋጦው ሣሩን እንዳያንቀው ነበር። ከክልከላው በኋላ እሾኹ በረከተ፥ ሣሩም አነሰ፤ ከብቱም ሣር በሊታውም የዱር እንስሳ አብረው ተጐዱ። ስለዚህ ምስክርነቱ ከተማረው ሰው ብቻ ሳይሆን በሣሩ ላይ ከሸመገለውም እረኛ መሰማት አለበት።

ወራትን ለይቶ ድርሻን ማካፈል ይቻላል ወይ ለሚል ሰው፥ በዚሁ በአማራ ክልል የታወቀ ምሳሌ አለ፤ እርሱም አስቀድሞ የተጠራው የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ስለ ሆነ ከቆቦ ቈላ ጋራ በአየሩ አይመሳሰልም፤ የሰው ጠባይና ችግር ግን በደጋም በቈላም አንድ ነው። የመንዝ ሰዎች ይህን ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጥ ነበር፤ ሜዳውም ሦስት፥ አራት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ በበቃ ጊዜ በበጋው ወራት ተመክሮ ይከፈታል፤ አስቀድሞ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው ጓሳ ይታጨዳል፤ ከዚያም ከብቱ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣም ተመልሶ ይዘጋል። ሰዎቹም በየተራ እየወጡ ይጠብቁ ነበር፤ ሥርዓቱን ያፈረሰ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር።

የመንዝ አባቶች ይህን ያደረጉት ስለ ቀይ ቀበሮ አስበው አልነበረም፤ ያሰቡት ስለ ቤታቸው ክዳንና በክፉ ዓመት ስለሚራብ ከብታቸው ነበር። ዳሩ ግን ሰው ለራሱ ልክ ባበጀበት ቦታ ሌላውም ፍጥረት ማደሪያ አገኘ። ቀበሮው፥ ጭላዳውና ወፉ ሰው ከአፉ ከልክሎ ባስቀመጠው ሣር ላይ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ለራስ መልካም የሆነ ትዕግሥት ለማያውቁትም መልካም ይሆናል።

ይህን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማመስገን ግን ፍርድ ማዛባት ይሆናል። በጓሳ መብት የነበራቸው ዘራቸውን አስቦና ጌራ ወደ ተባሉት አቅኚ አባቶች የሚቈጥሩት ነበሩ፤ ይህ ዘር የሌለው ሰው በሩ ሲከፈትም ውጭ ይቀር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በወጣ ጊዜ የርስቱ መብት ተሻረ፤ ከርስቱም ጋራ ቄሮው ፈረሰ። ውጭ የነበረው ገባ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን በሩን የሚዘጋ ስላልነበረ ሁሉም በየቀኑ ገባ፤ ሜዳውም እየሳሳ ሄደ። በኋላ ዘመን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው በአዲስ ደንብ ጥበቃውን መልሰው አቋቋሙ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል፤ ልክ ያለ ፍትሕ ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ርስት ነው፤ ፍትሕም ያለ ልክ ለማንም የማይተርፍ ብዝበዛ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበሬው እንመለስ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ የተገባም ነው። «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ በረኃብ ዘመንስ?» ቢባል ምን ይመለሳል? ወሎ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ የተማረ አገር አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. ረኃብ፥ ደግሞም በ1977 ዓ. ም. የቆቦና የራያ ሰው በሬውን ሸጦ፥ ከዚያም ቀብሮ፥ ከዚያም ልጁን ቀብሮአል። በ2013 ዓ. ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በላ፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ፥ ሰውም አለቀ፥ ከብትም ጠፋ። ይህን ላየ ሰው ስለ ሚዳቋ መናገር እንደ ስድብ ሊቈጠርበት ይችላል። የሰው ነፍስ ከአውሬ ነፍስ እንደምትበልጥ የሚጠራጠር የለም፤ ሰው ከሚሞት ሚዳቋ ይሙት።

ዳሩ ግን በረኃቡ ዓመት የሚበላው ሣር በረኃቡ ዓመት አይበቅልም። በክፉው ግንቦት በክልክሉ ውስጥ ቆሞ የሚገኘው ሣር በደጉ ዓመት ሳይበላ የቀረ ሣር ነው። በደጉ ዓመት አጥር ያልነበረው ኮረብታ በክፉው ዓመት ለበሬም ለሚዳቋም የሚሰጠው ነገር የለውም፤ የሚሰጠው ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በተራበ ገበሬና በጠገበች ሚዳቋ መካከል አይደለም፤ በዛሬው ሰውና በከርሞው ሰው መካከል ነው እንጂ። ሚዳቋዪቱ በዚያ ሣር ውስጥ መገኘትዋ የከርሞው ሰው ድርሻ ገና እንዳልተበላ ምልክት ነው። ሚዳቋ ከጠፋችበት ክልክል የገበሬውም ተስፋ ብዙ ጊዜ አብሮ የጠፋ ነው።

ይህን የሚመስል ትእዛዝ በኦሪት ዘፀአት በ23ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ሲታዘዝ፥ በዕረፍትዋ ከምታበቅለው ድሀው እንዲጠግብ፥ ከድሀው የተረፈውንም የዱር እንስሳ እንዲያገኝ ተደርጎአል። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው ተራው ነው። ድሀው አስቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ሰው ለአውሬ ይሠዋ አልተባለም። አውሬውም አልተረሳም፤ ስለዚህ ከድሀው የተረፈው ሁሉ ወደ ባለጠጋው ጎተራ ይመለስ አልተባለም። ድሀውንና አውሬውን ባንድ ትእዛዝ ያገናኛቸው ሁለቱም በር የሌላቸው መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት ባለቤቱ ሳይሰበስብ በተወው ነገር ነው። ምድሩን ሁሉ እስከ ጫፉ የሚያርስና የሚያስግጥ ሰው አውሬውን ያሳደደ ይመስለዋል፤ ከአውሬው ጋራ ግን ድሀውንም አሳድዶአል። በሬ የሌላት መበለት ፍየልዋን የምታሰማራው፥ እንጨት የምትለቅመው፥ ሣር አጭዳ ወደ ገበያ የምትወስደው ከዚያው ካልታረሰው ቦታ ነውና።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ገና ይቀራል። አውሬው ምንም የማይጠቅም ቢሆንስ? አይጥ ባይለቅም፥ አሮጌ ሣር ባያነሣ፥ ጥንብ ባያጠፋ፥ ድርሻ አለውን? ሊቃውንት ጥቅሙን ሁሉ ሲቈጥሩ፥ ጥቅም ያልተገኘበት እንስሳ በፍርድ ቤት ጠበቃ እንዳጣ ሰው ሆኖ ይቀራል። ለዚህ መልሱ ከምርምር ሳይሆን ከሌላ ስፍራ ይመጣል። በኖኅ መርከብ ለመሥዋዕት የሚሆኑት ንጹሐን እንስሳት ብቻ አልገቡም፤ ለመሥዋዕትም ለማዕድም የማይሆኑት ከእነርሱ ጋራ ገብተዋል። ኖኅ የመርከቡ አለቃ ነበር፤ ዳሩ ግን ማን ይግባ ማን ይቅር ብሎ እንዲመርጥ ሥልጣን አልተሰጠውም። የሰው ገዥነት እንዲህ ያለ ነው፤ የባለ ዕቃ ገዥነት ሳይሆን የመጋቢ ገዥነት ነው። መጋቢ ከጌታው ቤት ይበላል፥ ይጠጣል፥ ያዝዛል፤ ነገር ግን ጌታው ያስቀመጠውን ዕቃ ለምን እንደሚጠቅም ስላላወቀ ብቻ አውጥቶ ቢጥለው፥ ሒሳብ በሚጠየቅበት ቀን «አልጠቀመኝም ነበር» ማለት መልስ አይሆነውም።

ልክን የረሳ አገር መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ለማየት ከቆቦ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአሜሪካ የመጣው ፓርቴኒየም የተባለ አረም በተራቈተ ግጦሽና በመንገድ ዳር እየተስፋፋ በራያ ሜዳ ገብቶአል፤ ከብት አይወደውም፥ ተርቦ ቢበላውም ወተቱን ያመርረዋል፥ የነካውንም ሰው ቆዳ ያሳክከዋል። ከዞብል ወዲያ በአፋር ቈላ ደግሞ በ1970ዎቹ ዓመታት ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻም ዛፍ የሣሩን ሜዳ እየዋጠ ነው፤ ከብቱም አራዊቱም ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ይዘሩታል። በሃላይደጌ ሜዳ፥ የግሬቪ የሜዳ አህያ በሚሰማራበት፥ የአፋር ከብትና ያ እንስሳ የሚካፈሉት ሣር በዚሁ እሾኽ ተከቦአል። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ሲካሰሱ ርስቱን ባዕድ እንደሚወርሰው ሁሉ፥ ሰው ከአውሬ ጋራ በሣር ሲካሰስ ሁለቱም የማይበሉት አረም ምድሩን ይወርሰዋል።

እንግዲህ በክልክሉ ሥር ለቆመው ገበሬ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። በሩ ለበሬህ የተዘጋው ሚዳቋ ከበሬህ ስለ በለጠች አይደለም። የተዘጋው ለወራት ነው፤ ወራቱን የሚወስነውም አንተ ራስህ ከጎረቤቶችህ ጋራ ተመክረህ ነው፤ ምክሩ ሳይጠየቅ የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ቅሬታህ እውነት ነው፥ የዘጋውም ይጠየቅበታል። ሣሩ በታጨደ ጊዜ በሬ ያለውም የሌለውም ድርሻውን ይውሰድ፤ ክፉ ዓመትም በመጣ ጊዜ ተመክሮ ይከፈት፤ ለዚያ ቀን ነበርና የተጠበቀው። ነገር ግን ሁሉ ከወሰደ በኋላ የሚተርፍ ነገር ይኑር፤ እስከ ሥሩ የታጨደ፥ እስከ ድንጋዩ የተጋጠ ምድር ለከርሞ የሚሰጠው የለውምና።

ሣሩ የገበሬውም፥ የበሬውም፥ የሚዳቋዪቱም ብቻ አይደለም። ሰው የተሰጠው ሣሩን ሁሉ የመብላት ሥልጣን ሳይሆን፥ ከፍጥረት ሁሉ መካከል እርሱ ብቻ የሚችለው ሌላ ሥልጣን ነው። በሬ ሣር ባየ ጊዜ ይግጣል፤ አንበጣም የደረሰበትን ሁሉ ይበላል፤ ሁለቱም አይነቀፉበትም። እየራበው ስለ ከርሞና ስለ ሌላው ብሎ እጁን መሰብሰብ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ገዥነቱም የሚታወቀው በዚህ ነው።